የአሠልጣኙ ሦስት ሽጉጦች

ገዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ለፖሊስ የደወለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር። «ወንድሜን ገድዬዋለሁ፤ በሩ ክፍት ነው፤ ኑና ውሰዱኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። መርማሪዋ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ተኩስ መለማመጃው አዳራሽ ስትደርስ፣ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች «ይሄስ ያለቀለት ነው፤ ፈርሞ መሄድ ነው» አሏት። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ ያለቀለት ተብሎ የተሰጣት ጉዳይ ሁሉ እንቅልፍ የነሳት ስለሆነ፣ አልፋቸው ገባች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። እሷ ስለከሳች ይመስላታል፤ እነሱ ግን ሌላ ማለታቸው ነው።

ሟቹ በጥገናው ክፍል፣ ረጅሙ የብረት ጠረጴዛ ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ለማያውቃቸው ሰው ምሳ በልተው ሸለብ ያደረጋቸው ሽማግሌ ይመስላሉ። ከተማው የሚያውቃቸው «አሠልጣኙ» በሚል ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሽጉጥ አያያዝ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ስማቸውን ሥራቸው በላው።

ጥይቱ ከአንገታቸው ሥር ገብቶ እዚያው ቀርቷል። መርማሪዋ ግንባሯ ላይ የሰቀለችውን መነጽር አውርዳ ጎንበስ አለች። ቁስሉ ዙሪያ ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ ስንጥሮች ተሰክተዋል። ዞር ብላ በሩን አየች። ከበሩ እስከ ሟቹ ድረስ እንጨት የሚባል ነገር የለም። ወለሉ ላይ ያለው ደምም ለእንዲህ ያለ ቁስል አነሰባት።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ሽጉጦች ተደርድረዋል። የሚለያዩት በማነጣጠሪያቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከፋብሪካ እንደወጣ የብረት ማነጣጠሪያ አለው። ሁለተኛው ጀርባው ላይ እንደ ትንሽ መስኮት ያለ መስታወት ተገጥሞለታል። ሦስተኛው ከአፈሙዙ ሥር ሌዘር ታስሮለታል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው እጀታ ላይ ቢጫ ጥብጣብ ተቋጥሯል፤ ባለመስታወቱ ላይ የለም። ባሩድ ይሸታል፤ በቅርቡ ተተኩሶበታል። መርማሪዋ በጓንቷ አነሳችውና የመስታወቱን የባትሪ ክዳን በጥፍሯ ከፈተች። ውስጡን አይታ መልሳ ዘጋችው።

የአዳራሹን ሽጉጦች የሚጠግነው የሟቹ ወንድም፣ ጠጋኙ፣ ኮሪደሩ ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ የማሽን ዘይት አለ፤ የሸሚዙ እጅጌ ግን እስከ ክንዱ ርሷል።

«ለምን ገደሏቸው?»

«አዳራሹን እንሽጠው አልኩት፤ እምቢ አለ። ደም ፍላት ነው።»

«የት ቆመው ተኮሱ?»

«በሩ ጋ። እሱ እዚያው የተቀመጠበት ነበር።»

«በየትኛው ሽጉጥ?»

«በባለመስታወቱ። ቀዩን ነጥብ አንገቱ ሥር አሳረፍኩና ሳብኩት።»

«ነጥቡ በደንብ ይታይ ነበር?»

«ቁልጭ ብሎ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «ቁልጭ ብሎ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

«ልጁ መጣች?» አላት ድንገት። «የወንድሜ ልጅ። እሷን አትጠይቋት። ጠዋት ተለማምዳ ሄዳለች፤ ምንም አታውቅም። ሞቱን ሰምታለች፤ ለሷ እሱ ይበቃታል።»

የተያዘ ሰው ጠበቃ ይጠይቃል፣ ሲጋራ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ይቅርታ ይጠይቃል። ይሄኛው ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ነው የጠየቀው። መርማሪዋ ይህን ግን አልጻፈችውም፤ እንዲሁ ያዘችው።

ሰፈሩ የሚጠረጥረው ሌላ ሰው ግን ነበረው፤ ከመንገዱ ማዶ ማነጣጠሪያ የሚሸጠውን ነጋዴ። በወጣትነቱ የአሠልጣኙ ተማሪ የነበረ፣ በኋላ ያኮረፋቸው ሰው ነው። «ያ ሽማግሌ ብረቱን ታቅፎ ይሙት» ሲል የሰሙት ብዙ ናቸው። መርማሪዋ ወደ ሱቁ ስትገባ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል፤ አፉ ግን አላረፈም።

«ብያለሁ፤ አልክድም። በሳምንት ሦስቴ ነው የምለው። እሱም እኔን 'አሻንጉሊት ሻጭ' ይለኛል። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። አሁን ማን ይሰድበኛል?»

«ዛሬ የት ነበርክ?»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ፣ ካንድ ነዝናዛ ደንበኛ ጋር። ልደውልለት? ደስ ይለዋል።»

መርማሪዋ የሦስቱን ማነጣጠሪያ ልዩነት እንዲያስረዳት ጠየቀችው። ነጋዴው ሥራው ሲነሳ ልቡ ትንሽ መለስ አለ።

«ብረቱ ቀላል ነው። ዓይንሽን ከፊት ያለችው ጉጥ ላይ ትተክያለሽ፤ ዒላማው ደብዘዝ ይላል። ግን አንቺም እኔም ያለንበት ዕድሜ ላይ ስትደርሺ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጉጧ ራሷ ትደበዝዛለች። መስታወቱ ዓይን ለደከመው ይሻላል፤ ቀይ ነጥብ ውስጡ ይታይሻል፣ ዒላማውን እያየሽ ትስቢያለሽ። ግን ነጥቡን የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ሌዘሩ ደግሞ ነጥቡን ወርውሮ ዒላማው ላይ ያሳርፈዋል። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«ለውድድር የቱ ይሻላል?»

«ሌዘር ለውድድር አይፈቀድም። ለዚህ እኮ ነው የገረመኝ! ከስድስት ወር በፊት ራሱ መጣና 'ሌዘር ስጠኝ፤ አረንጓዴውን፣ ደማቁን' አለኝ። በሳቅ ፈረስኩ። እሱ አልሳቀም። 'ለማንም እንዳትናገር' አለኝ።» ነጋዴው በመስኮቱ አሻግሮ ደጁን አየ። «ሲወጣ የደጄን ደረጃ በእግሩ ዳሰሰው። ሃያ ዓመት የወጣበትን ደረጃ። ያን ጊዜ ልከተለው ይገባኝ ነበር። ኩርፊያዬን ይዤ ቀረሁ።»

የሟቹ ልጅ በአዳራሹ ቢሮ ተቀምጣ ጠበቀቻት። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት፤ እናቷን በልጅነቷ አጥታ በአባቷና በአጎቷ እጅ ያደገች። ከፊቷ የውድድር መመዝገቢያ ቅጽ አለ። ስሟ ተሞልቷል፤ «የማነጣጠሪያ ዓይነት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«ብረት ወይ መስታወት ብዬ ነገ ማስገባት አለብኝ» አለች። «አባባ ነበር የሚመርጥልኝ። 'ዛሬ ከልምምድ በኋላ እነግርሻለሁ' አለኝ። ሳይነግረኝ...» ከዚያ ቀና አለች። «ጋሼን ዕድሜ ልክ ይፍረዱበት። ጋሼ ብዬ መጥራቴም ይቅር። እሱ ነው ጫማ ማሰር ያስተማረኝ፣ ያውቃሉ? በዚያው እጁ!»

«ልምምዱ እንዴት ነው የሚደረገው የኔ ልጅ? እኔ ሽጉጥ የያዝኩት በግድ ነው፤ ቀስ አድርገሽ ንገሪኝ።»

«ትናንት የመስታወቱ ባትሪ ስላለቀ እኔው አውጥቼ ጣልኩት። ስለዚህ ዛሬ በብረቱ ብቻ ነው በጥይት የተኮስኩት። ከዚያ በባለሌዘሩ ባዶ ተኩስ አለ። ጥይት የለውም። አረንጓዴዋን ነጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፌ ቃታውን እስባለሁ። ስስብ ነጥቧ ከዘለለች እጄ ዘሏል ማለት ነው።»

«ቢጫው ጥብጣብስ?»

«ባዶ ነው ማለት ነው። ሽጉጡን ያራገፈ ሰው ያስረዋል። አባባ 'ጥብጣብም ቢኖር ከፍታችሁ እዩ' ይለናል።» ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። «ቤተሰብ ያሰረውን ግን... ማን ያያል።»

«አባትሽ የት ሆነው ነው የሚከታተሉሽ?»

«እዚህ ቢሮ። ስዞር ኮፍያው ከመስኮቱ ኋላ ይታየኛል። ዓይኑን ቢያዩት! ሃያ ሜትር ርቆ 'ስትስቢ ሁለት ጣት ወደ ታች ትወርጃለሽ' ይለኛል። ሁለት ጣት!»

«በብረቱ ስትተኩሺስ ምን ይሉሻል?»

ልጅቷ አሰበች። «በብረቱ... አሁን አሁን ዒላማውን አምጪልኝ ይልና በእጁ ይዞ ዝም ይላል።»

«ነጩ ወረቀት የሚለጠፈው የት ነው?»

«የዒላማ ማስቀመጫዋ ክፍል በር ላይ። አባባ ራሱ ነው የሚለጥፈው።»

«ዛሬ እዚያ የተለየ ነገር አልተፈጠረም?»

«ምንም» አለች። ቶሎ ነው ያለችው።

መርማሪዋ ከሟቹ ኮት የውስጥ ኪስ የተገኘችውን የማስታወሻ ደብተር ይዛ ብቻዋን አዳራሹ ውስጥ ቆመች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጽሕፈት ጠጠር ያለና የተሰደረ ነው። ከመሃል ጀምሮ ፊደሎቹ እየገዘፉ ሄደው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ አራት መስመር ብቻ ይይዛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ በብረቱና በመስታወቱ ትይዩ የተጻፈ ነገር የለም። በሌዘሩ ትይዩ ግን ሞልቷል፤ «ወደ ታች ሁለት ጣት»፣ «ዛሬ አንድ ጣት፣ ጎበዝ»፣ «ሳትተነፍስ ሳበች»። የመጨረሻውን ገጽ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ጥግ ሄደች። የዒላማ ማስቀመጫዋ ክፍል ከሳንቃ የተሠራች ጠባብ ቤት ናት። በሯ ላይ የጥንቃቄ ደንብ የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። የአዳራሹ መግቢያ ግድግዳ ላይ ደግሞ ልኩ ያው የሆነ፣ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሰሌዳው ለዓመታት የኖረው እዚያ ነው። መርማሪዋ ሰሌዳውን አወረደችው። የፈራችውን አገኘች፤ በሩንም ከፈተች። ውስጥ ከፍ ያለ በርጩማ አለ፤ ወለሉ ገና እርጥብ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጥግ ላይ አንዲት እርሳስ ወድቃለች። ሰሌዳውን መልሳ ሰቀለችው።

የጥይት ምርመራው ውጤት ሳምንት ይፈጃል። መርማሪዋ ውጭ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። መዝገቡን ብትዘጋው የሚቆጣት የለም። ግን አንድ ሰው ባላሰበው ግድያ ዕድሜ ልኩን ይታሰራል፤ አንዲት ልጅም በዓለም ላይ የቀራትን አንድ ዘመድ እየረገመች ትኖራለች። እውነቱን ብታወጣው ደግሞ ያቺን ልጅ ምን እንደምታደርጋት ታውቃለች። ከሁለቱ የትኛው ጭካኔ እንደሚያንስ ስታሰላ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሥራዋን የጠላችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ እንደዚያን ዕለት ግን ጠልታው አታውቅም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠጋኙ ከሁለቱ ፖሊሶች መሃል፣ ነጋዴው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ልጅቷ ከአጎቷ ፊቷን አዙራ።

«ከእርስዎ ልጀምር» አለች ጠጋኙን፣ ባለመስታወቱን ሽጉጥ እያነሳች። «ቀዩ ነጥብ ቁልጭ ብሎ ታይቶኛል ብለዋል። አይደል?»

«አዎ።»

የባትሪውን ክዳን ከፍታ አሳየችው። «ባትሪ የለውም። ከትናንት ጀምሮ የለውም። ልጅቷ ጥላዋለች፤ እርስዎ አልሰሙም። በሌለ ነጥብ ነው ያነጣጠሩት።»

ጠጋኙ ዓይኑን ከክዳኑ ላይ ነቅሎ ወደ ልጅቷ አየ።

«በዚህ ሽጉጥ የተኮሱት ወንድምዎ ከሞቱ በኋላ ነው፤ እንዲሸት ብለው። ወንድምዎም ጥገናው ክፍል አልሞቱም። ቁስላቸው ላይ የእንጨት ስንጥር አለ፤ እዚያ ክፍል እንጨት የለም። ደማቸውም ሌላ ቦታ ቀርቷል። ሌላ ቦታ ሞተዋል፤ ተሸክመው አምጥተዋቸዋል።»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!» አለ ጠጋኙ። «ያመነን ሰው ምን ያነታርካል?»

መርማሪዋ ወደ ነጋዴው ዞረች። «አንተ ሰው ይጠረጥርህ ነበር። አንተ ግን ትልቁን ነገር ነገርከኝ። የደጅህን ደረጃ በእግራቸው የዳሰሱት አሠልጣኙ ዓይናቸው እየጠፋ ስለነበር ነው። ደብተራቸው ላይ ፊደሉ የገዘፈው ለዚሁ ነው። ልጃቸው በብረት የመታችውን ዒላማ በእጃቸው የሚይዙት፣ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው።»

«ዓይኑማ...» አለች ልጅቷ። «ዓይኑማ ሁለት ጣት ያያል።»

«ያያሉ፤ በሌዘሩ ብቻ። በብረቱም በመስታወቱም አንቺ የምታዪውን ሌላ ሰው አያይም። የሌዘር ነጥብ ግን ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ቀርቦ ለተቀመጠ ሰው፣ ዓይኑ ቢደክምም፣ አረንጓዴ ሆኖ ይበራለታል።» መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እዚያ ቢሮ የነበረው ኮፍያቸው ብቻ ነው የኔ ልጅ።»

ወደ ሳንቃው በር ሄዳ የደንቡን ሰሌዳ አነሳችው። በሩ ላይ በመዳፍ ልክ የተቆረጠ አራት ማዕዘን መስኮት አለ፤ ከፊት በስስ ነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ከወረቀቱ ሥር፣ ሳንቃው ላይ፣ አንዲት ክብ ቀዳዳ አለች።

«ሁለት ጣት ወደ ታች» አለች መርማሪዋ።

«ተይ!» ጠጋኙ ከነካቴናው ተነሳ። «እህቴ፣ በልጆችሽ፣ ተይ! ልታሰር፤ ልሰቀልም ካላችሁ ልሰቀል! ለምን ታወጪዋለሽ?»

ልጅቷ ቀዳዳዋን አየች። ከዚያ አጎቷን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ጥላቻ ሲበታተን ሁሉም አዩት፤ የተካው ግን ከጥላቻው የባሰ ነበር።

«ጋሼ፣ 'ምንም የለም፣ አሮጌ ዒላማ ነው የተበሳው' አልከኝ።»

ጠጋኙ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ፊቱ ላይ ጫነ።

«ሽጉጡ ባዶ ነው ብዬ ሳብኩት፤ ጮኸ» አለች ልጅቷ ለመርማሪዋ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣች። «ደነገጥኩ። ጋሼ ከጥገና ክፍል ሮጦ መጣ። 'ውጪ፣ እኔ አየዋለሁ' አለኝ። በሩን ከፍቶ ገባ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከውስጥ ሆኖ 'ምንም የለም እሙዬ፣ ሂጂ። አባትሽ ተኩሱን ሰምቶ ከጠየቀ እኔ ነኝ የሞከርኩት እለዋለሁ፤ እንዳትነግሪው፣ ሽጉጥ ሁለተኛ አያስነካኝም' አለኝ። እኔም ቃል ገባሁለት። ለዚህ ነው ለእርስዎ ያልነገርኩት።»

«እዚያ በር ሥር ነበር» አለ ጠጋኙ። ከእንግዲህ የሚደብቀው ስላልነበረው ተቀመጠ። «እግሬ ሥር። ጥይቱ የኔ ነው፣ ትሰሚያለሽ እሙዬ? ጠዋት ሌዘሩ ልኩን መያዙን ለማየት እውነተኛ ጥይት ጎርሼበት ተኮስኩ። ካዝናውን አወጣሁ፤ ውስጥ የጎረሰው አንዱ ቀረ። ሳላይ ጥብጣቡን አሰርኩት። ሠላሳ ዓመት ሽጉጥ ጠግኜ፣ አንድ ቀን አላየሁም። እዚያ እንደሚቀመጥም አላውቅም ነበር። ገደልኩት ስል አልዋሸሁም። የዋሸሁት አገዳደሉን ብቻ ነው።»

«ጣቱ የኔ ነው» አለች ልጅቷ።

«የሳብሽው ባዶ ነው ብዬ ያሰርኩልሽን ነው! እኔ እያለሁ አንቺ ይህን ተሸክመሽ ልትኖሪ?»

ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ። ከፖሊሶቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። መርማሪዋ ጠጋኙ በቸልተኝነትና ማስረጃ በማጥፋት እንደሚጠየቅ፣ በግድያ ግን እንደማይጠየቅ በአጭሩ ተናገረች። የሰማት ያለ አይመስልም። ካቴናውን እንዲፈቱለት በእጇ ምልክት ሰጠች።

ከዚያ የአሠልጣኙን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ ልጅቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ የአንቺ ነው። ዛሬ የጻፉት ነው፤ ከባዶ ተኩሱ በፊት።»

ፊደሎቹ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላሉ። ልጅቷ ድምፅ አውጥታ አነበበች።

«በብረቱ የመታችውን በጣቴ ዳሰስኩት። አምስቱንም ቀዳዳ አንድ ሳንቲም ይሸፍናቸዋል። ብረቱን ትያዝ። ሌዘሩ ለኔ ነበር እንጂ ለሷ አልነበረም። ዛሬ አንዴ ብቻ አብሬያት ልይና እነግራታለሁ።»

ጠጋኙ ካቴናው የተፈታለትን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። ልጅቷ ተነሥታ ሄደችና ከጎኑ ተቀመጠች። አልነካችውም።

«ጋሼ» አለችው፣ «በሩን ስትከፍተው እርሳሱን ይዞ ነበር?»

«ይዞ ነበር።»

«ወደ ወረቀቱ ነበር ፊቱ?»

«ወደ ወረቀቱ።»

«እና ያየኝ ነበር?»

ጠጋኙ ዘይት የበላውን እጁን አንሥቶ፣ ትንሽ አመንትቶ፣ ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈው።

«ያይሽ ነበር እሙዬ» አላት። «እስከ መጨረሻው ያይሽ ነበር።»